ማስታንግ ይዤ ሚኒያፖሊስ ገብቻለሁ፣ ዊንተሩን እንዴት ላሳልፈው?

የዳላሱ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 6 ዓመት ዳላስ ኖሬ በዚህ ኦገስት ለሥራ ወደ ሚኒያፖሊስ ተዛወርኩ። መኪናዬ የ2019 ፎርድ ማስታንግ ናት። ሞተሯ ኢኮቡስት የሚባለው ነው፣ 2.3 ሊትር ባለ ተርቦ፣ አውቶማቲክ። የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነው። ጎማው ላይ 255/40 አር19 ይላል፤ ሰመር ጎማ ነው፣ አራቱም እኩል ናቸው።

እዚህ ያወቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ምክራቸው አንድ ነው፦ "ሽጣት።" አንዱ ብቻ "ኋላዋ ላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ ጣልባት፣ ትሄዳለች" አለኝ። እዳዋን ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። ሁለተኛ መኪና የምገዛበት አቅምም የለኝም። የምሠራው ሆስፒታል ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መገኘት አለብኝ። ስኖው ወረደ ብሎ መቅረት የለም። ጋራዥ የለኝም፣ የማቆማት መንገድ ላይ ነው።

በእንዲህ ዓይነት መኪና ዊንተር ያሳለፈ ካለ እስቲ ምከሩኝ። በስኖው ነድቼ አላውቅም። ዳላስ ትንሽ በረዶ ከጣለ ከተማው በሙሉ ቤቱ ይቀመጣል።

ጎሚስታው (ሴንት ፖል)

ወንድሜ፣ አትሽጣት። ጎማውን ቀይር። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሰመር ጎማ ከ45 ፋራናይት፣ ማለትም ከ7 ሴልሺየስ በታች ላስቲኩ ይደርቃል። ስኖው ባይኖር እንኳ ደረቅ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ብርዱ ሲጠነክር ደግሞ ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። እዚህ ጃንዋሪ ላይ ሌሊት ከዜሮ ፋራናይት በታች መውረድ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ስኖው እስኪወርድ አትጠብቅ። ጠዋት ጠዋት 45 ማየት ስትጀምር ቀይር።

"ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት የሚባለው ጎማ) ይበቃኛል" የሚሉህን አትስማ። በአራቱም ጎማ ለሚሄድ መኪና ያከራክር ይሆናል። ላንተ አያከራክርም። የምትገዛው ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሐሉ ላይ የስኖው ምልክት ይኑረው። ኤም እና ኤስ (ጭቃና ስኖው ማለት ነው) ብቻ የተጻፈበት አይቆጠርም። ከዊንተር ጎማዎቹ ብሊዛክ፣ ኤክስ-አይስ፣ ሃካፔሊታ፣ የቱም ቢሆን ጥሩ ነው። ደግሞ አራቱንም ቀይር። "የሚገፋው ኋላ ስለሆነ ሁለቱ ይበቃል" የሚል ሰው ሁልጊዜ ይመጣብኛል። ሁለቱን ኋላ ካደረግክ መኪናዋ ትነሣለች፣ ግን ፊቷ አይታጠፍም፣ በደንብም አትቆምም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። 255 የጎማህ ስፋት ነው በሚሊ ሜትር፣ ለስኖው ሰፊ ነው። ሰፊ ጎማ ስኖው ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠበብ ያለው ቆርጦ ይገባል። ባለ 18 ቸርኬ ፈልግና 235/50 አር18 አስገባበት። ይህ ልክ ፎርድ ራሱ ለማስታንግ ያወጣው ነው። ቁመቱ ካለህ ጎማ ጋር ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት ነው ያለው፣ ስለዚህ የፍጥነት ቆጣሪህ አይዋሽም። ግን ቸርኬውን ከመግዛትህ በፊት ፍሬኑን አልፎ መግባቱን አስለካ። የፍሬንህ ዲስክ ትልቅ ነው፤ የማይገባ ቸርኬ ገዝቶ የመጣ ሰው አይቻለሁ። የጎማውን አየር የሚቆጣጠረውን ሴንሰርም አብረህ አስገጥም፣ አለዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ መብራት እስከ ኤፕሪል ትበራብሃለች።

ሰመር ጎማህን ከነቸርኬው ቤት ውስጥ አስቀምጠው። ውጪ ብርድ ላይ አትተወው። ጎማው በተገጠመ በ50 ማይል ውስጥ ደግሞ ተመልሰህ ብሎኑን አስጠብቅ። ይህን ሁሉም ይረሳዋል።

ጋሽ ላዳ (ዴንቨር)

ልጄ፣ እንኳን በደህና ገባህ። ክረምት ሲባል ሰኔና ሐምሌ የሚመስለን ሰዎች ነን፣ ስለዚህ መደንገጥህ አይገርመኝም።

እኔ አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ነድቻለሁ። ላዳም እንዳንተ መኪና በኋላ ጎማዋ ነበር የምትገፋው። በሐምሌ ጭቃ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ባዶዋን ከሆነች ጎማዋ እዚያው ይሽከረከራል። ኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ግን ቀጥ ብላ ትወጣለች። እና ያ ሰውዬ ስለ አሸዋው የነገረህ ውሸት አይደለም። እዚህ ዴንቨርም አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችኝ፣ ዊንተር በመጣ ቁጥር አሸዋ እጭንባት ነበር። ሞክረው።

ጎሚስታው (ሴንት ፖል)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለላዳም ለፒክአፕም ልክ ነው። ፒክአፕ ኋላው ባዶ ሳጥን ነው፣ ክብደቱ ሁሉ ፊት ነው። ማስታንግ ግን ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ክብደቷ ኋላ ነው ያለው።

ክብደት ለመነሣት ይረዳል፣ ይህን አልክድም። ለመቆም ግን አይረዳም፤ የከበደ መኪና ለማቆም ይበልጥ ያስቸግራል። ደግሞ የማስታንግ ፖርቶባጋሊዮ ከኋላ ጎማው ወዲያ ነው። ጆንያውን እስከ ጫፉ ገፍተው ካስቀመጡት ኩርባ ላይ ጅራቷ ሲሄድ ያ ክብደት አብሮ ይወረውራታል። ያልታሰረ ከሆነ ደግሞ በግጭት ጊዜ ወደ ጋቢና ይመጣል።

ልጁ መሞከር ከፈለገ እዚህ መደብር ውስጥ ረጅም ቱቦ የሚመስል 60 ፓውንድ አሸዋ ይሸጣል፣ 27 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ወይም ሁለት፣ ወደ ኋላ ወንበሩ ተጠግቶ፣ የታሰረ። ጥቅሙ ከክብደቱ ይልቅ ሌላ ነው፤ ስኖው ውስጥ ስትቀር ቀድደህ ከጎማው ሥር ትበትነዋለህ።

ጋሽ ላዳ (ዴንቨር)

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ላዳን አትንኳት።

ሶደርማልም (ስቶክሆልም)

ለምን ሚስማር ያለው ጎማ አልተነሣም? እኔ በኋላ ጎማ የሚሄድ ቢኤምደብልዩ ነው የምነዳው፣ 4 ዓመት ሆነኝ። እዚህ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ከያዘ የዊንተር ጎማ ግዴታ ነው፣ ጥርሱም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሚስማር ያለውን ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ማድረግ ይቻላል። ግግር በረዶ ላይ የሚያህለው የለም። የከተማው ሰው ግን አይወደውም። አስፋልቱን እየፈቀፈቀ አቧራ ያስነሣል። ሆርንስጋታን የምትባለው መንገዳችን ላይ ከ2010 ጀምሮ ክልክል ነው።

ጎሚስታው (ሴንት ፖል)

ወንድሜ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ለነዋሪ ሚስማር ጎማ ክልክል ነው። እንዲያውም ጥሩ አነሣኸው፣ ልጁ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ሊገዛ ይችል ነበር።

የኤድመንተኗ

ሁላችሁም ጎማ ጎማ አላችሁ። ጠዋት ካልተነሣች ጎማው ምን ይሠራላታል?

እኛ ጋ አብዛኛው መኪና ሞተሩን የሚያሞቅ ማሞቂያ አለው፣ ማታ ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክተነው እንተኛለን። አንተ ግን መንገድ ላይ የምታቆም ከሆነ ሶኬት ከየት ታመጣለህ? ስለዚህ ተስፋህ ባትሪው ነው። የ2019 መኪና ባትሪው የራሱ ከሆነ አርጅቷል። የዳላስ ሙቀት ደግሞ ባትሪን ከብርድ ይልቅ ይገድላል፣ ብርዱ መሞቱን ብቻ ነው የሚያሳብቅበት። ሂድና አስመርምረው፤ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ያዩልሃል። ደከም ካለ አሁኑኑ ቀይረው፣ ጃንዋሪን አትጠብቅ። ባትሪው ላይ ሲሲኤ የሚል ቁጥር ታያለህ፤ በዜሮ ፋራናይት ሞተር የማስነሣት ጉልበቱ ማለት ነው። የመኪናህ መጽሐፍ ከሚለው ቁጥር በታች አትውረድ።

ዘይትህ 5ደብልዩ-30 ከሆነ ደህና ነህ። ያቺ "ደብልዩ" ዊንተር ማለት ናት። አንቲፍሪዙን አስለካ፤ ዳላስ እያለህ ውሃ የጨመርክበት ከሆነ አስቀይረው። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው እስከ 37 ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ይችላል። የመስታወት ማጠቢያውንም አትርሳ። የዳላሱ ውሃ ቱቦው ውስጥ ይረጋብሃል። አፍስሰህ ጨርሰውና ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት የሚለውን ሙላ።

አንድ ነገር ደግሞ የማስታንግ ባለቤት ካልሆነ ማንም አይነግርህም። እኅቴ ስላላት ነው የማውቀው። የበርህ መስታወት ፍሬም የለውም። በሩን ስትከፍት መስታወቱ ትንሽ ዝቅ ይልና ስትዘጋ ተመልሶ ይወጣል። በረዶ ላስቲኩ ላይ ካጣበቀው ዝቅ አይልም፣ በሩም አይዘጋም። በጉልበት እንዳትስበው! የበሩን ላስቲክ አሁን ደረቅ አድርገህ አጽዳና ሲሊኮን ቀባው።

መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ጃምፐር ኬብል ይኑርህ። ነዳጅ ከግማሽ በታች አታድርስ። ስኖው ውስጥ ከተያዝክ ሞተር ከማስነሣትህ በፊት ወርደህ ማርሚታውን ጥረግ። ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይገድላል።

የዳላሱ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባትሪውን ዛሬ አስመረመርኩ፤ የራሷ ነው፣ "ደካማ" አሉኝ። ቀየርኩት። ያገለገለ ባለ 18 ቸርኬም አግኝቻለሁ፣ ፍሬኑን ያልፋል። አሁን የቀረኝ መንዳቱ ነው። ስትንሸራተት ምን ላድርግ?

ሦስት ዊንተር በካማሮ (ሚኒያፖሊስ)

መጀመሪያ እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። የመጀመሪያው ዓመት መብራት ላይ ወደ ግራ ስታጠፍ ነዳጅ ረገጥኩ። ኋላዋ ዞረ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ዞሬ የመጣሁበትን መንገድ እያየሁ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው አውቶቡስ ሹፌር እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያየኝ ነበር።

ያንተ ተርቦ ስለሆነ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። መሐል ላይ ካሉት መቀያየሪያዎች ውስጥ "ስኖው/ዌት" የሚለውን ምረጥ። ነዳጅ መስጫውን ያለሰልስልሃል። ትራክሽን ኮንትሮሉን (ጎማው በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚይዘውን) አታጥፋ። የምታጠፋው ስኖው ውስጥ ተቀርቅረህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያልክ ለመውጣት ስትሞክር ብቻ ነው፣ ከወጣህ በኋላ መልሰው።

ኋላዋ ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውን ወደ ቀኝ። እንደዚያ እያሰብክ ግን አትደርስበትም። ዓይንህን መሄድ የምትፈልግበት ላይ አድርግ፣ እጅህ ይከተላል። ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ፍሬን አትንካ። ቀጥ ብላ ስትመለስ መሪውንም አብረህ መልስ፣ አለዚያ ወደ ሌላው በኩል ትወረውርሃለች። ብዙ ሰው የሚገጨው በዚህ በሁለተኛው ነው። ቀጥታ ስትሄድ መቆም ካለብህ ደግሞ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። እግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤቢኤስ እየሠራ ነው፣ አትልቀቀው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ በአንዴ አትቀንስ፤ የኋላ ጎማው ብቻ ስለሚያዝ ጅራቷ ይሄዳል።

ድልድይ ከመንገዱ በፊት ይረጋል። ከሥሩም ከላዩም ብርድ ነው። ብላክ አይስ የሚሉት ስስ ግግር በረዶ ደግሞ አይታይም፣ የረጠበ አስፋልት ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ስኖው እንደወረደ እሑድ ከሰዓት ባዶ ፓርኪንግ ፈልግ። የቤተ ክርስቲያናችን ይሆናል፣ አስፈቅድ ብቻ። በ15 ማይል አውቀህ አንሸራትታት። አንድ ሰዓት እዚያ ብታሳልፍ እኔ እዚህ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጥልሃል።

ሌላ፣ ከብርድ ጋር የጎማው አየርም ይወርዳል፣ በየ10 ፋራናይቱ አንድ ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው) ያህል። በወር አንዴ ለካ። መንገድ ላይ ስለምታቆም ደግሞ ከተማው ስኖው ለመጥረግ ማቆምን የሚከለክልበት "ስኖው ኢመርጀንሲ" ሲታወጅ ስልክህ ላይ እንዲመጣልህ ተመዝገብ። በመጀመሪያው ሌሊት ከ9 ፒኤም እስከ 8 ኤኤም ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ማቆም የለም። ይጎትቷታል።

የዳላሱ ልጅ (ጠያቂ)

እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። የመጀመሪያው ስኖው ሐሙስ ሌሊት ወረደ። አራቱም ጎማ ከማክሰኞ ጀምሮ ተገጥሞ ነበር። እሑድ ፓርኪንጉ ላይ ስዞር ዋልኩ፤ መጀመሪያ ላይ ልቤ ቆማ ነበር፣ ኋላ ግን እንደ ልጅ ሳቅኩ። ሰኞ ሥራ በሰዓቴ ደረስኩ። መንገዴ ላይ ባለ አንድ ዳገት፣ በአራቱም ጎማ የሚሄድ አንድ ትልቅ መኪና በኦል ሲዝን ሲንሸራተት አልፌው ሄድኩ። እውነት ለመናገር ትንሽ ኮራሁ።

በረዶ ጠራጊው ያለፈበት ጥግ ግን ያስቸግራታል፣ ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። በአካፋ ከፍቼ ነው የምወጣው። ግራው በር ደግሞ ትናንት አልዘጋ አለኝ። ሲሊኮኑን ቀኙን ብቻ ነበር የቀባሁት።

የኤድመንተኗ

ሁለት በር እንዳላት ረሳህ?

ጎሚስታው (ሴንት ፖል)

50 ማይሉ አልፏል። ብሎኑን አስጠበቅክ?

የዳላሱ ልጅ (ጠያቂ)

...ነገ ጠዋት እመጣለሁ።