አስቸኳይ፦ ወደ ጅሬን መውጫ የተከራየሁት ቤት ውሃ እያስገባ ነው

አዲሷ ተከራይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጂማ ነኝ፣ ወደ ጅሬን መውጫ። ዝናቡ እየወረደ ነው። የጓዳው ግድግዳ ከሥሩ ረጥቦ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ቆርቆሮው በሚስማሩ በኩል እያፈሰሰ መሰለኝ። ሬንጅ ወይም ሲሊኮን በዚህ ሰዓት የት ይገኛል? ጣሪያ ላይ ማን ይወጣልኛል? ባለቤቴ ፊልድ ነው፣ ልጅ ይዣለሁ። አከራዬ ስልክ አያነሡም። እባካችሁ ቶሎ!

የመንደራ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ። ሬንጅ እዚሁ ጂማ መርካቶ ሞልቷል፣ አሁን ግን ሱቆቹ ዘግተዋል። ለዛሬ ጣሪያው ላይ ላስቲክ አስወጥሪና ዳር ዳሩን ድንጋይ ይጫንበት።

ቡና በጀበና፦
ጂማ ክረምት ላይ ቤት ስትከራዩ ጀልባ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ 😄 በርቺ እህት፣ ለልጁ ደረቅ ልብስ ከፈለግሽ ጻፊልኝ። እኛ ቤት አለ።

አናጢው፦
ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ! እርጥብ ቆርቆሮ ሰው ይጥላል። ደግሞም ጣሪያው አይመስለኝም። ጣሪያ ቢሆን ኮርኒሱ ይርስ ነበር፣ ግድግዳውም ከላይ ወደ ታች ነው የሚረጥበው። ያንቺ ከሥር ነው የጀመረው። ከጓዳው ጀርባ ዳገት አለ? ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት?

አዲሷ ተከራይ፦
ጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። አዎ ከጀርባው ዳገት ነው፣ የሰው ባሕር ዛፍ አለበት። ኮርኒሱ ደረቅ ነው። ፍሪጁ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው የተሰካው፣ ልንቀለው?

መብራት ሠሪ፦
አትንኪው! መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊ። እሱ ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ካለብሽ ግን ተዪው፤ ልጁን ይዘሽ ውጪና ለመብራት አገልግሎት 905 ደውዪ። የራሰ ግድግዳ ያነዝራል፣ ሰውም ይገድላል። ከደረቀ በኋላም ቢሆን ሶኬቱን ባለሙያ ሳያየው ምንም እንዳትሰኪበት።

ውል ይቅደም፦
ሁልጊዜ የምለው ይሄንን ነው። ሰው ቤት የሚከራየው በደላላ ቃል ነው፣ ከዚያ ያለቅሳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። የውል ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። አንቺ የተጻፈ ውል አለሽ? ስንት ወር ቅድሚያ ከፈልሽ? እነዚህን ሳንነግራት ጭቃና ቆርቆሮ ብናወራ…

የቆጪዋ፦
ወንድሜ፣ እናትና ልጅ ውሃ ውስጥ ናቸው። አዋጁ ነገ ይደርሳል።

የመንደራ ልጅ፦
ላስቲኩ ወፈር ያለ ይሁን። ስስ ከሆነ ነፋስ ይቀደዋል።

አናጢው፦
ላስቲኩን ተዉት፣ ውሃው ከመሬት ነው። ዳገቱ ሲጠግብ ያገኘው ቤት ሥር ይገባል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዝናቡ አባርቶ ከሰዓታት በኋላም ግድግዳው ሥር ውሃ ካዠ፣ ጣሪያ አይደለም።

እህቴ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ጭቃው ነው። የሲሚንቶ ልስን ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል። ግድግዳው ካበጠ፣ አዲስ ስንጥቅ ካየሽ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ ዛሬ እዚያ ቤት አትደሩ። ባይኖርም በዚያ ግድግዳ በኩል አትተኙ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረቤት ጥሪና በዳገቱ በኩል ቦይ አስቆፍሪ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ሥሩ ላይ ከተቆፈረ መሠረቱ ይከፈታል፣ ብዙ ሰው ቤቱን የሚጥለው እንደዚያ ነው። ጥልቀቱ አንድ ክንድ ይበቃል፣ ብቻ ወደ ጎን ያዘቅዝቅ። የወጣውን አፈር ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሙሉትና በቦዩና በግድግዳው መካከል ደርድሩት።

ከታች በኩል፦
ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው ወዴት ይሂድ? እኛ ከዳገቱ ሥር ነው የምንኖረው። ሁሉም ቦዩን ወደ ታች ለቆ ይተኛል፣ ጠዋት የእኛ ግቢ ሐይቅ ይሆናል።

አናጢው፦
ልክ ነህ። ወደ መንገዱ ተፋሰስ ይወሰድ፣ ወደ ሰው አጥር አይለቀቅ። መንገዱ ጋ የማይደርስ ከሆነ ከታች ካለው ሰው ጋር ተስማምቶ አንድ ላይ መቆፈር ነው።

አዲሷ ተከራይ፦
ብሬከሩን አጠፋሁ። በጎረቤት እትዬ ቤት ነን፣ ልጁ ተኝቷል። ከመስኮቱ ሥር ስንጥቅ አለ፣ የድሮ ይሁን የአሁን አላውቅም።

የቆጪዋ፦
እግዚአብሔር ይመስገን። ወደዚያ ቤት በጨለማ አትመለሺ። ስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ላይ ጠዋት በእርሳስ አስምሪ፤ መስመሩን ካለፈ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ፎቶ አንሺና ለአከራይሽ በጽሑፍ ላኪላቸው፣ ስልክ ባያነሡም መልእክቱ ማስረጃ ይሆንሻል። እንዲህ ያለ ትልቅ ጥገና የአከራይ ድርሻ ነው። አንቺ ከከፈልሽ ግን ከኪራዩ እንዲቀነስልሽ አስቀድመሽ አስፈርሚያቸው። እኔ የማውቀው ሰው በቃል ተስማምቶ ተካካደ።

ውል ይቅደም፦
እኔስ ምን አልኩ? መጻፍ ነው!

አናጢው፦
እህቴ፣ ስንጥቁ አግድም ነው ወይስ ወደ ላይ የሚወጣ? ፎቶውን እዚህ ለጥፊው። ነገ ከሰዓት በዚያ በኩል ሥራ አለኝ፣ አካፋ ይዤ ብቅ እላለሁ።

የመንደራ ልጅ፦
እኔም እመጣለሁ። ላስቲክ ይዤ።