ቢዋይዲ ሲጋል ለጣርማበር መንገድ ይሆናል?

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦
ወገኖች፣ የቻይናውን የኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ሲጋልን ልገዛ ነው፤ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪውን። መልኩ ልቤን ወስዶታል፣ በተለይ ሹል የፊት መብራቱ። የቢዋይዲ የዲዛይን ኃላፊ ቮልፍጋንግ ኤገር ቀድሞ ላምቦርጊኒ ውስጥ መሥራታቸው ያስታውቃል። ግን እናቴ ሸዋ ሮቢት ናት፤ ጣርማበርን ሳልወርድ አይሆንም። ደህንነቱስ?

መልስ፦
ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2025 የመኪና ደህንነት ከሚፈትነው የአውሮፓ ድርጅት፣ ከዩሮ ኤንካፕ፣ አምስት ኮከብ ያገኘው ዶልፊን ሰርፍ የሚባለው የአውሮፓው ስሪት ነው። እሱ ርዝመቱ 3.99 ሜትር፣ የቻይናው ሲጋል 3.78 ነው። «ያው ነው» የሚልህን ሻጭ አትመን። ኤርባጉን ራስህ እይ፤ የጎን ካለው የመቀመጫው ጎንና ከመስኮቱ በላይ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል።

መልስ (ደብረ ሲና)፦
ወንድሜ፣ ቁልቁለቱ ብዙም አያስፈራም። እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ባትሪም ይሞላል፤ ፍሬን ሸራህ ብዙም አይግልም። አሳሳቢው መመለሻው ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ከፍታው ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ሳትሞላ እንዳትነሳ!

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የፊት ዋይፐሩ አንድ ብቻ ነው። ክረምት ላይ የጣርማበር ዋሻ አፍ ጋ ጉሙ ሲወርድ አስር ሜትር አይታይም፤ ከፊትህ ከባድ መኪና ይንፏቀቃል። ያኔ የዚያ ነጠላ ዋይፐር ጎማ ካረጀ መስታወቱ ላይ ጭረት ጥሎ ያልፋል። ሐምሌ ሳይገባ ቀይረው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄጄ ኤርባጉን አያለሁ። የጎን ከሌለው፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር አልገዛውም።