ከደሴ ጥቁር አንበሳ ለቀጠሮ፦ ለሦስት አራት አዳር የት አልጋ እንያዝ?

ሆጤ ደሴ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮዋ ደርሷል። የምንሄደው ሁለታችን ነን፤ ሦስት ወይ አራት አዳር ይሆናል። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አይሆንላትም። ለሱብሒ ስለምትነሳ ሌሊት ውሃ የሌለው ቤትም አይሆነንም። የአክስቴ ልጅ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አለው፤ «ቤት እያለ አልጋ ብትይዙ እቀየማለሁ» ብሏል። ሌሎች ደግሞ ፒያሳ ወይ ካዛንቺስ ሂዱ፣ ርካሽ አልጋ ሞልቷል ይላሉ። የቱ ይሻላል? ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት አንድ ገስት ሀውስ ደግሞ ግማሹን ከአሁኑ በቴሌብር ላኪ ይለኛል። ልላክ?

ሸዋ በር፦

እህቴ፣ እናታችንን አላህ ያሽርልን። የፒያሳውና የካዛንቺሱ ምክር ጊዜው አልፎበታል። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 መጀመሪያ ላይ ፈርሰዋል፤ ሰው በስም የሚያውቃቸው ብዙ አልቤርጎዎች አብረው ሄደዋል። የቀሩ አሉ፤ ግን ማንም ስም ቢሰጥሽ ደውለሽ ቤቱ መኖሩን ሳታረጋግጪ እንዳትነሺ። ስልክ ላይ ያለውን ካርታ አትመኚው፣ የፈረሰ ቤትም እዚያ ላይ ቆሞ ይታያል።

ለእናንተ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። አልጋውን ከሆስፒታሉ በር ጀምረሽ ፈልጊ። ካርድ ለማውጣት በጠዋት መድረስ አለ፤ ከዚያ ላብራቶሪ ሂዱ፣ ራጅ ተነሱ፣ ከሰዓት ተመለሱ ይመጣል። እናትሽ በመሃል ገብታ ጋደም የምትልበት ክፍል ቅርብ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምትውለው። ስለዚህ ሰንጋ ተራ፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖት። ሜክሲኮ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ታክሲ አለ፣ ጫጫታውም በዚያው ልክ። ልደታ ረጋ ይላል። ተክለ ሃይማኖት ለመርካቶ ስለሚቀርብ የሙስሊም ምግብ ቤት አታጡም፣ አንዋር መስጊድም ሩቅ አይደለም። እኔን ብትጠይቂኝ መጀመሪያ ተክለ ሃይማኖትን ነው የማየው።

ኮዬ ፈጬ የከተማው ጫፍ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ሆስፒታል ለመገኘት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ሊኖርባችሁ ነው፣ ለዚያውም በየቀኑ። ስንተኛ ፎቅ እንደሚኖርም ጠይቂው፤ ባለ አራት ፎቆቹ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም። ቅያሜው እንዳይከርር ሕክምናው ሲያልቅ አንድ ሌሊት እሱ ዘንድ እደሩ።

ባለ ቁልፉ፦

ቀብዱን አትላኪ። ያላየሽው ቤት፣ የማታውቂው ሰው፤ ፎቶው ከሌላ ሆቴል የተነሳ ቢሆን በምን ታውቂያለሽ? የአክስትሽ ልጅ እዚያው አዲስ አበባ አለ አይደል? ቅያሜውን በዚህ ይወጣው፦ ሄዶ ክፍሉን በዓይኑ ይይ፣ ቧንቧውን ይክፈት፣ የአንድ አዳር ብቻ ከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ። የአራቱንም ቀን ባንድ ጊዜ እንዳትከፍሉ። እናትሽን ሆስፒታሉ አልጋ ሊያስይዛት ይችላል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ላስታማሚ አንድ አልጋ ብቻ ነው። የከፈሉትን ማስመለስ ደግሞ ከባድ ነው።

ስትደውይ «አልጋ ስንት ነው?» ብለሽ አትዝጊው። «ደብል» ካልሽ አንድ ሰፊ አልጋ ይሰጡሻል፤ «ባለ ሁለት አልጋ» በይ። መንገድ ዳር ያሉ ፔንሲዮኖች ምድር ቤታቸው ሱቅ ወይ ግሮሰሪ ስለሚሆን ክፍሉ የሚጀምረው ከፎቅ ነው፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች ያሉት ቤት ፈልጊ። ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው መሆኑንም ጠይቂ። ለታመመ ጉልበት ከደረጃው የባሰ የሚያስቸግረው እሱ ነው፣ ሰው ግን አያስበውም።

ውሃ አለ ወይ ብትይ ሁሉም አለ ይልሻል። የሚጠየቀው «ሮቶው (የውሃ ታንከሩ) የት ነው ያለው?» ተብሎ ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ውሃው በራሱ ይወርዳል። መሬት ላይ ከሆነ ግን የሚገፋው በፓምፕ ነው፤ መብራት ሲሄድ ውሃውም አብሮ ይሄዳል፣ ጄኔሬተር ከሌላቸው ማለት ነው። ያም ሆነ ይህ ማታ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ሞልተሽ አስቀምጪ፣ ለውዱእ ይበቃል።

ሌላ፣ «ለአዳር ነው ለሾርት?» ብሎ የሚጠይቅሽ ቤት ካጋጠመሽ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። በሰዓት የሚያከራይ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚያድረው፣ ለእናትም አይሆንም።

ዋጋው ላይ «ታክስ ጨምሮ ነው?» በይ። ትንንሾቹ ፔንሲዮኖች የነገሩሽን ነው የሚቀበሉት። ሆቴል ከሆነ ግን 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይጨምራል፤ 1,000 ብር ያሉሽ ክፍል ሂሳብ ስትከፍዪ 1,265 ይሆናል። የመልቀቂያውንም ሰዓት ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ቀን 6 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ቀድመው ውጡ የሚሉም አሉ። ያላለፈበት መታወቂያ የሁለታችሁም ያስፈልጋል፣ እንግዳ ሳይመዘገብ ቁልፍ አይሰጥም።

ሆጤ ደሴ፦

ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ዘመዴን አናግሬው ተክለ ሃይማኖት ሄዶ ሊያይልን ነው። አውቶቡሱ ላምበረት ሲያወርደን እንዴት እንግባ? ባቡር ይሻላል የሚሉ አሉ። ለመመለስ ደግሞ ሌሊት እንዴት መናኸሪያ እንደርሳለን?

የቦርከና ሰው፦

አብሽሪ፣ ቀላል ነው። መጀመሪያ ግን ቲኬት ስትቆርጪ የት እንደሚያወርድ ጠይቂ። ደረጃ አንድ አውቶቡሶች የራሳቸው ማውረጃ አላቸው፤ መስቀል አደባባይ በኩል የሚያወርድ ካገኘሽ ለእናንተ ሰፈር ከላምበረት በጣም ይቀርባል።

ላምበረት ከወረዳችሁ ባቡሩ ያለው መገናኛ ነው፤ ከዚያ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር ሳይቀየር ሜክሲኮንና ልደታን ያልፋል። ለአንቺ ጥሩ ነው፤ ለእናትሽ ግን አይሆንም። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት ጣቢያዎች ድልድይ ላይ ስለሆኑ ደረጃ አለ፣ ማታ ደግሞ ግፊያው አይጣል ነው። 400 ኪሎ ሜትር ተቀምጣ ለመጣች እናት በዚያ ቀን በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ፣ ራይድ ወይ ፈረስ ጥሩ። ከመናኸሪያው በር ወጣ ብላችሁ ጥሩት፣ ዋጋውን መተግበሪያው ላይ አይተሽ ግቢ። በር ላይ «አልጋ ልያዝላችሁ» እያለ ሻንጣ የሚቀበል ደላላ ይኖራል፤ ኮሚሽኑ በክፍሉ ዋጋ ላይ ነው የሚጨመረው።

ለመመለስ የመጨረሻዋን አዳር ወደ ላምበረት ወይ መገናኛ አዛውሯት። የደሴ መኪና ማልዶ ነው የሚነሳው፤ በዚያ ሰዓት ከተክለ ሃይማኖት መኪና መፈለግ ዋጋውም ሐሳቡም ነው። ላምበረት አጠገብ ያሉት አልጋዎች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በጡሩንባና በረዳት ጩኸት አያስተኙም፣ ስለዚህ በጀርባ በኩል ያለውን ክፍል ስጡኝ በይ። ለአንድ ሌሊት እንጂ ለአራቱም እዚያ እንዳትቀመጡ፣ ርካሽነቱ እንዳያታልልሽ፤ የተረፈውን ታክሲ ይበላዋል።

ሸዋ በር፦

አንድ ነገር ረስቼ። ቀጠሮው መቼ ነው? በየካቲት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ከሆነ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ። ጽሕፈት ቤቱ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት መውጫው ላይ ስለሆነ መንገድ ይዘጋል፣ ታክሲም ዞሮ ነው የሚሄደው። በዚያ ሳምንት ሜክሲኮንና ሳር ቤትን ተይው፤ ክፍሉንም ቀደም ብሎ ዘመድሽ ይያዘው።