ከቤት ሆኜ ብሠራ ለእኔ ለራሴ ምን ይጠቅመኛል? (ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ)

ጥያቄ፦ «የጅሬን መንገድ»

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የቢሮው ኪራይ ስለ ጨመረ ድርጅቱ ከያዛቸው ክፍሎች ግማሹን ሊለቅ ነው። በዚህ ምክንያት እኔንና ሁለት ባልደረቦቼን «ከፈለጋችሁ ከቤት ሆናችሁ ሥሩ፤ ካልፈለጋችሁም በቀረው ክፍል ተጠጋግታችሁ ትቀመጣላችሁ» ብለውናል። መልሴን እስከሚመጣው ዓርብ በጽሑፍ መስጠት አለብኝ። ድርጅቱ ከዚህ ምን እንደሚያተርፍ ግልጽ ነው፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ለእኔ ለሠራተኛዋ የሚተርፈውን ነው።

የምኖረው ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ሲሆን፣ ቢሮው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ስለሆነ በእግርም በባጃጅም ተጉዤ ለመድረስ 40 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ክረምት ሲገባ ባጃጅ መጠበቁ ብቻ ያንን ያህል የሚሆንበት ቀን አለ። ከእኔ ጋር ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጄና የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቴ ይኖራሉ፤ ባለቤቴ ሳምንቱን የሚያሳልፈው ከከተማ ውጭ ነው። ሥራዬ በአብዛኛው ፔሮል (የደመወዝ ስሌት)፣ የባንክ ማስታረቂያና ወር መዝጊያ ስለሆነ ከሰው ጋር ብዙ አያገናኘኝም። የሚያሳስበኝ ግን ጎረቤቱ «ከሥራ ተባርራ ቤት ገባች» ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደ ሥራ ፈት መቆጠር ይመጣል። የሞከራችሁ ሰዎች እውነቱን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «አስተርጓሚው ከአጂፕ»

እህቴ፣ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞና ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ በመተርጎም ከቤት ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ በራስዎ ቁጥር እንጀምር። በቀን 80 ደቂቃ በመንገድ ላይ የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ቅዳሜን ጨምሮ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው ወደ 35 ሰዓት ይጠጋል። ይህ ከአራት የሥራ ቀን በላይ ነው፤ ያውም ጭቃውንና የጫማውን እጣ ፈንታ ሳንቆጥር። ትልቁ ጥቅም እሱ ነው። ይሁን እንጂ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ያንን ጊዜ የት እንደገባ ሳላውቅ ነው ያባከንሁት፤ ባለቤት ያልተሰጠው ሰዓት ወዲያው ሌላ ባለቤት ያገኛልና።

በእኔ ቤት ባለቤት የሆነው ቡና ነበር። በጅማ ቡና መጥራት ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ሳምንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ልጅ በሩን አንኳኩታ «እማዬ ኑ ቡና ደርሷል ትላለች» አለችኝ። አንድ ስኒ ጠጥቼ እመለሳለሁ ብዬ ሄድሁ። አቦሉን ጠጥቼ ልነሣ ስል ቶናውን ሳይቀምሱ መውጣት ምን የሚሉት ነው ተባልሁ፤ በረካው እስኪደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ በማግስቱም እንዲሁ። እምቢ ማለት አልቻልሁም፤ አሁንም አልችልም። የቻልሁት ሰዓቱን ማዘዋወር ነው። ለጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ሄጄ «ቤት ብታዩኝም ቢሮ ነኝ፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ግን ሳትጠሩኝም እመጣለሁ» አልኋቸው። ቃሌንም ጠበቅሁ፤ ለእናንተም ቡናው አሥር ሰዓት ላይ ቢሆን ምን ይላችኋል ያልኋቸው ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበትን አንድ ዘዴ ልጨምርልዎት፤ ቢያስቅም ይሠራል። በሥራ ሰዓት ቤት ውስጥ የውጭ ጫማዬን አድርጌ ነው የምቀመጠው። ጫማ ካደረግሁ ቢሮ ነኝ፤ ነጠላ ጫማ ካደረግሁ ቤት ነኝ። ልጆቼ ገና በር ላይ እግሬን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጎረቤት የሚለውን በተመለከተ ሦስት ወር ይላል፤ ደመወዝዎ በየወሩ መግባቱን ሲያይ ይተወዋል።

መልስ፦ «የሠራተኛ ጉዳይ»

ከላይ የተጻፈው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከጎረቤት ቀጥሎ ያንን 35 ሰዓት የሚወስደው አሠሪው ስለሆነ ስለ እሱ ልጻፍ። በሰው ኃይል አስተዳደር ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሠራተኛ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርሳውን ይዞ መውጣቱ ስለሚታይ ማንም አያስቆመውም፤ ቤት ያለ ሠራተኛ ግን ስለማይታይ «አንዲት ነገር ብቻ» እየተባለ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይደወልለታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት ደግሞ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ሥራው ወደ ቤት ቢዛወርም ይህ መብት አይቋረጥም።

አዋጁ በቤት ሆኖ ስለሚሠራ ሥራ የሚናገርም ክፍል አለው፤ ነገር ግን እሱ የሚያስበው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ሥራውን በራሱ ቦታ ሠርቶ የሚያስረክብን ሰው ነው። እርስዎ አለቃዎ በየቀኑ የሚያዝዎት መደበኛ ሠራተኛ ሆነው ስለሚቀጥሉ፣ ስምዎ ከቋሚ ሠራተኛነት ወደ ሌላ ዓይነት ውል እንዳይዛወር የሚፈርሙትን ወረቀት ደጋግመው ያንብቡ። ዓርብ የሚሰጡት ደብዳቤ ውስጥ ደመወዝዎ፣ የዓመት ፈቃድዎና የአገልግሎት ዘመንዎ እንዳሉ እንደሚቀጥሉ፣ ሥራ ገብተው የሚወጡበት ሰዓት፣ ኮምፒውተሩና ኢንተርኔቱ በማን ወጪ እንደሆነ ይጻፍ። የትራንስፖርት አበል የሚከፈልዎት ከሆነ «አሁን መንገድ የለብዎትም» ተብሎ ሊቀነስ ስለሚችል፣ በኢንተርኔት ወጪ እንዲተካ ቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል። በባጃጅ የሚያተርፉት ገንዘብ በዚያው እንዳይሄድ ነው።

መልስ፦ «የሁለት ልጆች እናት»

እህቴ፣ እኔ አንድ ዓመት ሞክሬ ወደ ቢሮ የተመለስሁ ነኝ፤ ስለዚህ የእኔንም ስሚ። ጥቅም የለውም አልልሽም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩን የምከፍትላት እኔ መሆኔ፣ ምሳ ትኩስ መብላቴ፣ በየቀኑ ምን ልልበስ ብዬ አለመጨነቄ፣ ጎረቤት ለቅሶ ሲገጥመው ፈቃድ ሳልለምን የግማሽ ሰዓት ዕረፍቴን ተጠቅሜ ደርሼ መመለሴ፣ እነዚህ ሁሉ አሁንም ይናፍቁኛል። የተሳሳትሁት ቤት መሆኔን ከልጅ ጠባቂነት ጋር በመደባለቄ ነው። ሠራተኛዋን አሰናብቼ የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ሕፃን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ሥራ ልሠራ አሰብሁ፤ ሥራውም አልሆነ፣ ሕፃኑም አልቅሶ ዋለ። ያንቺ ልጅ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ስለምትውል ከእኔ ይቀልልሻል።

ሌላው ነገር ጀርባዬ ነው። የጅማ በርጩማ ለቡና እንጂ ለስምንት ሰዓት ሥራ አልተሠራም። ላፕቶፑን ረከቦት በሚያህል ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በበርጩማ ጎንበስ ብዬ አምስት ወር ሠርቼ፣ በመጨረሻ አንገቴን ማዞር አቃተኝ። መደገፊያ ያለው ወንበርና ክርንሽ ወደ ዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ይኑርሽ፤ ላፕቶፑን በወፍራም መጻሕፍት ከፍ አድርገሽ ኪቦርድ ለብቻ ግዢ። ከተማችን በእንጨት ሥራ የታወቀች ስለሆነች በልክ ማሠራት አይከብድም።

መልስ፦ «የምጣኔ ሀብት አስተማሪ»

በዚህ ጉዳይ ላይ በሙከራ የተረጋገጠ ነገር ስላለ ላካፍላችሁ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በአንድ ትልቅ የቻይና የጉዞ ወኪል ድርጅት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወር ሙከራ አካሂደው ውጤቱን በ2015 አሳትመዋል። ፈቃደኛ ከሆኑት የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች መካከል በዕጣ የተመረጡት በሳምንት አራት ቀን ከቤት፣ አንድ ቀን ከቢሮ ሠሩ። የሥራ ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቁት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ፤ በሥራቸው ይበልጥ እንደረኩም ተናገሩ።

ወደ ጥያቄዎ የሚያመጣኝ ግን የ13 በመቶው ምንጭ ነው። ከዚያ ውስጥ 9 በመቶ ያህሉ የመጣው ሠራተኞቹ ዕረፍትና የሕመም ቀን ቀንሰው ረዘም ላለ ጊዜ ስለ ሠሩ ነው፤ ጸጥታው የጨመረላቸው ፍጥነት 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «የሠራተኛ ጉዳይ» የጻፉት ልክ ነው፤ ከተረፈው ጊዜ ድርጅቱ ድርሻውን ወስዷል። ሙከራው ሲያበቃ ምርጫ ሲሰጣቸው ከቤት ሲሠሩ ከቆዩት ግማሽ የሚሆኑት ወደ ቢሮ መመለስን መርጠዋል፤ ዋናው ምክንያታቸው ብቸኝነት ነበር። በተጨማሪም በሙከራው ለመሳተፍ የሚሠሩበት የራሳቸው ክፍል እንዲኖራቸው ይጠየቅ ነበር፤ ይህንን ብዙ ሰው ሳይጠቅሰው ያልፋል።

በዚያው ድርጅት በ1,612 ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት መሥራት የለቃቂዎችን ቁጥር በሲሶ እንደቀነሰና ዕድገታቸውን እንዳልጎዳ አሳይቷል። በእኔ አስተያየት ሙሉ ሳምንቱን ከመምረጥዎ በፊት ይህን መንገድ ያስቡበት።

መልስ፦ «የመብራት ሰው»

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ቀድሞ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራና ከ10 ዋት ገደማ ስለማይበልጥ፣ 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆየዋል። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ። ሒሳቡን የምትመዘግቡት ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ፣ ፋይሉን ገልብጠው ወደ ቤት አይውሰዱ፤ ቢሮ ያለው ሰው በአንዱ ቅጂ፣ እርስዎ በሌላው ከመዘገባችሁ ወር መዝጊያ ላይ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይታወቅም። ፋይሉ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይቆይና ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያስችለው ኤኒዴስክ ገብተው ይሥሩበት።

መልስ፦ «ሄርማታ»

አሰላሙ ዐለይኩም። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ጥቅም ዙህርን በሰዓቱ ተረጋግቼ መስገዴ ነው። በረመዳን ደግሞ ለመንገድ የሚሄደውን ጉልበት አተርፋለሁ፤ አፍጥር ሲቃረብ ባጃጅ ተራ ላይ አለመቆሜ ብቻ ይበቃኛል።

«የጅሬን መንገድ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቴ መድኃኒታቸውንና ምሳቸውን በሰዓቱ መውሰድ አለባቸው፤ እኔ ቢሮ ስሆን በስልክ አስታውሳቸዋለሁ፣ እሳቸውም «በልቻለሁ» ይሉኛል፤ ማታ ስመጣ ግን ሳህኑን እንደ ተከደነ አገኘዋለሁ። ለእኔ ከቤት የመሥራት ትልቁ ፍላጎት እሱ ነው። ይህን ለአለቃዬ ልንገራቸው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ «የሠራተኛ ጉዳይ»

በደብዳቤው ላይ አይጻፉት፤ በቃል ግን ቢነግሯቸው አይከፋም። በደብዳቤው የምሳ ሰዓትዎን ብቻ ከ6:30 እስከ 7:30 ብለው በግልጽ ያስፍሩ። ያ የዕረፍት ሰዓትዎ ስለሆነ ምክንያት መስጠት አይጠበቅብዎትም።

መልስ፦ «አስተርጓሚው ከአጂፕ»

እኔ በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። አለቃዎ ደግ ሰው ከሆኑ ምክንያቱን ማወቃቸው በምሳ ሰዓት እንዳይደውሉ ያደርጋቸዋል። ሰውየውን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት።

«የጅሬን መንገድ»

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤውን አስገባሁ። ሰኞና ሐሙስ ቢሮ፣ የቀሩትን ቀናት ከቤት ለመሥራት ጠይቄያለሁ። ሰዓቱ፣ የቋሚ ሠራተኛነቴ መቀጠልና የኢንተርኔቱ ወጪ በተናጠል ተጽፈዋል። የትራንስፖርት አበሌን በግማሽ ቀንሰው የኢንተርኔቱን ወጪ እንደሚሸፍኑ አለቃዬ በቃል ስለነገሩኝ፣ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ ጠይቄያለሁ። የእናቴን ጉዳይ ነገርኋቸው፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «የእኔም እናት እንዲሁ ናቸው» አሉኝ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ የራሴ የሚባል ክፍል የለኝም፤ ስለዚህ የመኝታ ቤቱን ጥግ በመጋረጃ ከልዬ ጠረጴዛውን በልክ አዝዣለሁ፤ አናጺው ለረቡዕ ቀጥሮኛል። ጎረቤቶቼንም ትናንት ቡና ጠርቼ ነገርኋቸው። አንዷ «ታዲያ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትገኚው?» ብላ ስትጠይቀኝ አሥር ሰዓት አልኋት፤ በረካው ሳይደርስም ሰዓቱን ለሁሉም አዳረሰችው። የመጀመሪያውን ወር መዝጊያ ከቤት ስጨርስ እንዴት እንደሆነ እዚሁ እጽፋለሁ።