ካርቦኔት ወይስ ሲትሬት? ለካልሲየም ገዢዎች ጥቆማ

«ጥሩ ካልሲየም ጠቁሙኝ» ለምትሉ፦ ኪኒን ከመምረጣችሁ በፊት ከምግብ የምታገኙትን አስሉ። ከ19 እስከ 50 ዓመት ላለ ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ይበቃል። ከ50 በላይ ለሆኑ ሴቶችና ከ70 በላይ ለሆኑ ወንዶች 1,200 ነው። አንድ ኩባያ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል፣ እርጎም እንደዚያው። ወተት የማይስማማችሁ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ወይም ከነአጥንቱ የሚበላ ሰርዲን ሞክሩ። ስፒናች ላይ ግን አትተማመኑ፤ ካልሲየሙን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ውህድ ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ትንሽ ነው። ከምግብ 700 ካገኛችሁ የጎደለው 300 ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አንድ ኩባያ ወተት ይሞላዋል።

ኪኒን የግድ ከሆነ ምርጫው በዋናነት ሁለት ነው፦ ካልሲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ሲትሬት። ካርቦኔት ዋጋው ረከስ ይላል፤ ከክብደቱ 40 በመቶው ካልሲየም ስለሆነም ጥቂት ኪኒን ይበቃል። ለመዋሃድ የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ሆድ ማድረቅና መንፋት የሚያበዛውም እሱ ነው። ሲትሬት 21 በመቶ ብቻ ስለሆነ ኪኒኑ ይበዛል፤ ግን በባዶ ሆድም ይሠራል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለሚወስድ ሰው እኔ የምለው ሲትሬት ነው። ጨጓራው ደህና ለሆነ ግን ካርቦኔት ይበቃል፣ ለውዱ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መለያው ላይ ነው። «ካልሲየም ካርቦኔት 1,250» የሚል ኪኒን ውስጥ ያለው ካልሲየም 500 ነው። «ኤለመንታል» (የካልሲየሙ ብቻ መጠን) ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ፈልጉ፣ ካጣችሁት ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በአንድ ጊዜ ከ500 በላይ አትውሰዱ፤ መጠኑ ሲጨምር ሰውነት የሚወስደው ድርሻ ይቀንሳል። ጠዋትና ማታ መክፈል ይሻላል። ቫይታሚን ዲ ያለበት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ያለሱ ካልሲየሙ በደንብ አይዋሃድም። ሌላ ቫይታሚን ዲ የምትወስዱ ከሆነ ግን ሁለቱን ደምሩ።

ከአጥንት ዱቄት ወይም ዶሎማይት ከሚባለው ድንጋይ የተሠራውን እኔ አልመክርም። «ተፈጥሯዊ» ቢባልም እርሳስ የተገኘባቸው አሉ። ጥራቱ በገለልተኛ አካል የተመረመረውን ምረጡ።

አሁን ደግሞ እባካችሁ ይህን አትለፉት። የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ ከካልሲየም ጋር 4 ሰዓት አራርቁ። አንቲባዮቲኮቹ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊንም ከካልሲየም ጋር አብረው ከተወሰዱ ኃይላቸው ይቀንሳል። የአይረን (የብረት ማዕድን) ኪኒንም ለብቻው ይወሰድ። የኩላሊት ጠጠር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ የልብ መድኃኒት ዲጎክሲን ወይም የደም ግፊት ኪኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ጤነኛም ቢሆን ምግቡ ተደምሮ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን 2,000፣ ከዚያ በታች ላለ አዋቂ 2,500 ማለፍ የለበትም።