ኮከቡ የሌላ ዕቃ ሆኖ ሲገኝ አስተያየቱን እንዴት ልመዝነው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ኦንላይን ልገዛ ብዬ አስተያየቶቹ ግራ አጋብተውኛል።

አማካዩ 4.6 ኮከብ ነው። በቀን ቅደም ተከተል ሳያቸው ግን የቆዩት የሚያወሩት ስለ ስልክ ከቨር ነው፤ «ቀለሙ ያምራል፣ ልክክ ብሏል» ይላሉ። ሻጩ የድሮውን ገጽ ስምና ፎቶ ቀይሮ ኮከቡን ወርሷል ማለት ነው። ስለ ፓወር ባንኩ የተጻፉት ደግሞ አብዛኞቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ የገቡ ባለ 5 ኮከቦች ናቸው። «የተረጋገጠ ግዢ» የሚለው ምልክት አላቸው፤ እሱ ግን ዕቃው መገዛቱን እንጂ ብሩ በኋላ ለገዢው በስውር አለመመለሱን አያሳይም።

ባለ 2 እና ባለ 3 ኮከቦቹን የበለጠ አምናለሁ፤ እነሱም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። አንዱ «የለካሁት 12,500 ብቻ ነው፣ ውሸት ነው» ብሏል። ይህ ጤናማ ቁጥር ነው፦ 20,000 የሚለካው በውስጡ ባሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ስለሆነ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በ5 ቮልት ሲወጣ 14,800 ይሆናል፤ ቮልቴጁ ሲቀየር የሚባክነው ሲቀነስ እዚያው አካባቢ ይደርሳል። «ከሁለት ወር በኋላ አበጠ» የሚለው ግን ያሳስበኛል፤ ፎቶም አያይዟል።

ጥያቄዬ፦ ገጹ ከተቀላቀለ በኋላ የዚህን ሞዴል ኮከብ ብቻ ነጥሎ ማስላት የሚቻልበት መንገድ አለ? የሐሰት አስተያየቶችን ይለይ የነበረው ፌክስፖት የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2025 ስለተዘጋ እሱን የሚተካ የምታምኑት ካለም ጠቁሙኝ። ወይስ የማበጡ ቅሬታ ብቻውን ዕቃውን ለመተው ይበቃል?