የገጠር ቤት የፍሳሽ ጉድጓድን ማን ይፈትሸዋል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በማና ወረዳ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ለወላጆቼ የብሎኬት ቤት እያሠራሁ ነው። መጸዳጃው በውኃ የሚሠራ ስለሆነ ሴፕቲክ ታንክ (የመጸዳጃ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ማስቆፈር ጀምረናል። ቆፋሪው ግን ወለሉን ሳንለስን ግድግዳውን በድንጋይ ብቻ ደርድረን ብንተወው ፍሳሹን አፈሩ ስለሚጠጣው ቶሎ እንደማይሞላና የማስመጠጫ ወጪ እንደማይኖርብን ይመክረናል። ከግቢያችን ዝቅ ብሎ አንዲት እናት የሚጠጡበትና ምግብ የሚያበስሉበት የውኃ ጉድጓድ ስላለ ምክሩን ለመቀበል ልቤ አልፈቀደም። እስካሁን መጥቶ ያየው የመንግሥት ባለሙያ የለም። የመፈተሽ ኃላፊነት ያለበት ማን ነው?

መልስ 1

በአካባቢ ጤና ሙያ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ወለሉ ያልተለሰነ ጉድጓድ ሴፕቲክ ታንክ ሊባል አይችልም። የታንኩ ሥራ ዝቃጩን አስቀርቶ የጠለለውን ውኃ ብቻ ወደ ማስረጊያው፣ ማለትም ውኃው ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ሌላ ጉድጓድ፣ ማሳለፍ ነው፤ ስለዚህ ውኃ የማያሳልፍና በሁለት የተከፈለ ሆኖ የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ይዘት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ቢይዝ ይመረጣል። ማስረጊያው ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውኃው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ መራቅ ይኖርበታል። የማስረጊያው ወለል የከርሰ ምድር ውኃ ከሚደርስበት ከፍታ 2 ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ አስፈላጊ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም በመሆኑ በጥር ደርቆ ያያችሁት ጉድጓድ በነሐሴ ውኃ ሊያቁር ይችላልና የበጋውን ልኬት ብቻ አትመኑ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም መበከልን ከልክሎ ለተቆጣጣሪዎች ሥልጣን ሰጥቷል። ይሁን እንጂ በገጠር እስከ ግቢ ድረስ የሚዘልቁት በአብዛኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ወደ ጤና ኬላው ሄደው ጉድጓዱ ሳይከደን እንዲያዩላችሁ ይጠይቁ፤ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ እንዲመጣም በእነሱ በኩል ማመልከት ይቻላል። አንዴ በኮንክሪት ከተከደነ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ ክዳኑን ከማየት ብዙም አይዘልም።

መልስ 2

በተባለው ብስማማም፣ በገጠር ቁጥጥር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ቅጣት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሲሚንቶ መግዛት ያቃተውን አባወራ መቅጣት ጉድጓዱን በቅጠል ሸፍኖ እንዲደብቅ ከማድረግ በቀር ውኃውን አያጠራም። ባለሙያው ሜትርና ምክር ይዞ ቢመጣ፣ ቀበሌውም የቤት ግንባታ ሲፈቅድ የጉድጓዱን ቦታ አብሮ ቢያጸድቅ ይሻላል። በተጨማሪም የመምጠጫ መኪና በክረምት ጭቃ ሊደርስበት የማይችል ጓሮ ውስጥ አትቆፍሩ። ሞልቶ ሰው ገብቶ እንዲያጸዳው ከማድረግም ተጠንቀቁ፤ በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ይገድላል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በሜትር ስንለካ ከእኚያ እናት የውኃ ጉድጓድ 19 ሜትር ብቻ ሆኖ አገኘነው። የተቆፈረውን በአፈር ደፍነን ከቤቱ በስተጀርባ በመንገዱ በኩል አዲስ ቦታ መርጠናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሰኞ መጥታ ከማስለሰናችን በፊት እንደምታየው ነግራናለች።